በየወሩ ይገባ የነበረው የልጆች ገንዘብ፦ አሜሪካ ሞክራ የተወችው ክፍያ ለቤተሰቦች ምን ትቶ አለፈ?

ጁላይ 15 ቀን 2021፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሐምሌ 8 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ በአሜሪካ ወደ 35 ሚሊዮን የሚጠጉ ቤተሰቦች የባንክ ሂሳባቸው ውስጥ ያልለመዱት ገንዘብ ገብቶ አገኙ። ስድስት ዓመት ላልሞላው ለእያንዳንዱ ልጅ 300 ዶላር፣ ከስድስት እስከ 17 ዓመት ላለው ደግሞ 250 ዶላር ነበር። ደመወዝ አይደለም፤ የበጎ አድራጎት ስጦታም አይደለም። ላኪው በየወሩ ሲቀንስ እንጂ በየወሩ ሲሰጥ ታይቶ የማይታወቀው የአገሪቱ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት፣ አይአርኤስ ነበር። በዚያ አንድ ቀን ብቻ 15 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተከፈለ።

ክፍያው ስድስት ወር ዘልቆ በዲሴምበር 15 ቆመ። ከዚያ ወዲህ ዓመታት አልፈዋል፤ የልጆች የግብር ክሬዲት የሚባለው ሕግም ሁለት መልክ ይዟል። ይሁንና ግብር የሚታወቅበት ወቅት በመጣ ቁጥር፣ ከሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ሲያትል ባሉ የኢትዮጵያውያንና የኤርትራውያን ሠፈሮች፣ “ያ በየወሩ ይመጣ የነበረው የልጆች ገንዘብ ተመልሶ ይመጣል ወይ?” የሚለው ጥያቄ አብሮ ይነሣል። አጭሩ መልስ “አሁን ባለው ሕግ አይመጣም” ነው። ረዥሙ መልስ ግን አንድ መንግሥት ድኻ ልጆችን ለመርዳት ወስኖ ስድስት ወር ከሠራበት በኋላ ለምን እንደተወው የሚያስረዳ ታሪክ ነው።

ችግሩ ከስሙ ይጀምራል። “ክሬዲት” የሚለው ቃል በአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ውስጥ ዱቤ ወይም ብድር ሆኖ ይሰማል። አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት “ቅድሚያ ክሬዲት ልኬልሃለሁ” ብሎ ሲጽፍ፣ የሚያስፈራው ነገር “መቼ ነው የምመልሰው?” የሚለው ነው። ፍርሃቱ ፈጽሞ መሠረት የለሽ አልነበረም፤ ወደ ኋላ እንደምናየው መመለስ የተገደዱ ቤተሰቦችም ነበሩ። በመሠረቱ ግን በግብር ሕግ “ክሬዲት” ማለት አንድ ሰው መክፈል ካለበት ግብር ላይ በቀጥታ የሚነሣለት ገንዘብ ነው። 3,000 ዶላር ግብር ያለበት ሰው 2,000 ዶላር ክሬዲት ቢኖረው የሚከፍለው 1,000 ዶላር ብቻ ይሆናል።

ነገሩ የሚወሳሰበው ክሬዲቱ ከግብሩ ሲበልጥ ነው። ገቢያቸው አነስተኛ የሆነ ወላጆች የፌዴራል ገቢ ግብር አይደርስባቸውም፤ ስለዚህ የሚነሣላቸው ነገር የለም። ትርፉ በጥሬ ገንዘብ ይሰጣቸው ወይስ ይቅርባቸው? የአሜሪካ ፖለቲከኞች ከ1997 ጀምሮ ሲከራከሩበት የኖሩት ነጥብ ይህ ነው። በዚያ ዓመት በፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ፊርማ ሕጉ ሲወጣ፣ በ1998 ለአንድ ልጅ 400 ዶላር፣ በቀጣዩ ዓመት 500 ዶላር ሆኖ ጀመረ፤ በዋናነትም የታሰበው ግብር ለሚከፍለው መካከለኛ ገቢ ላለው ቤተሰብ ነበር። በጆርጅ ቡሽ ዘመን ወደ 1,000 ዶላር፣ በ2017 በዶናልድ ትራምፕ የግብር ሕግ ወደ 2,000 ዶላር አደገ። መጠኑ በየጊዜው ቢጨምርም፣ ከሁሉ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ወላጆች ልጆች ግን ከሁሉ ያነሰውን የሚያገኙበት አሠራር እንዳለ ቀጠለ።

የ2021ዱ ለውጥ

ማርች 11 ቀን 2021 ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን የፈረሙት የወረርሽኝ ማገገሚያ ሕግ ሦስት ነገሮችን በአንድ ጊዜ ቀየረ። መጠኑ ስድስት ዓመት ላልሞላቸው ወደ 3,600፣ እስከ 17 ዓመት ላሉት ወደ 3,000 ዶላር ከፍ አለ። ቀድሞ 17 ዓመት የሞላው ልጅ ከሕጉ ውጪ ነበር፤ ለዚያ ዓመት ገባ። ከዚህ ሁሉ የከበደው ለውጥ ግን ምንም ገቢ የሌለው ወላጅ ሳይቀር ሙሉውን ገንዘብ እንዲያገኝ መፈቀዱ ነው። ሦስተኛው ለውጥ የአከፋፈል ጊዜው ነበር፤ ግማሹ ከጁላይ እስከ ዲሴምበር በየወሩ ቀድሞ ተከፍሎ፣ ቀሪው ግማሽ በ2022 ግብር ሲታወቅ እንዲጠየቅ ተደረገ።

አንድ ቤተሰብ እንውሰድ። ባል ኡበር ይነዳል፣ ሚስት በሕፃናት ማቆያ ትሠራለች፤ የአራትና የዘጠኝ ዓመት ልጆች አሏቸው፤ የጋራ ገቢያቸው ከ150,000 ዶላር በታች ነው። ለ2021 የሚገባቸው 6,600 ዶላር ነበር። ከዚህ ውስጥ በየወሩ 550 ዶላር፣ በስድስት ወር 3,300 ዶላር በባንካቸው ገባ። የቀረው 3,300 በቀጣዩ ዓመት ከግብር ማሳወቂያቸው ጋር ይጠየቃል። ለብቻው ግብር ለሚያሳውቅ ሰው ጭማሪው የሚቀንስበት ወሰን 75,000 ዶላር፣ ልጅ ይዞ ብቻውን ቤተሰብ ለሚያስተዳድር ደግሞ 112,500 ዶላር ነበር።

አብዛኛው ሰው ማመልከት አላስፈለገውም። አይአርኤስ የ2020 ወይም የ2019 ግብር ማሳወቂያውን አይቶ ራሱ አስልቶ ላከ። ይህ ቅልጥፍና ከሁሉ የጠቀመው መረጃው በመሥሪያ ቤቱ የነበረውን ቤተሰብ ነው። ገቢው ዝቅ ከማለቱ የተነሣ ግብር የማሳወቅ ግዴታ የሌለበት፣ ስለዚህም አሳውቆ የማያውቅ ወላጅ ግን መመዝገብ ነበረበት፤ መመዝገቢያውም በኢንተርኔት፣ በእንግሊዝኛ ወይም በስፓኒሽ የሚሞላ ነበር። ገንዘቡ በጣም ያስፈልገዋል የተባለው ሰው ገንዘቡ ለመድረስ የሚያስቸግረው ሰውም ሆነ።

በስደተኛው ዘንድ ሌላም ሥጋት ነበር። የመንግሥት እርዳታ የወሰደ ሰው ነገ ግሪን ካርድ ሲጠይቅ “የመንግሥት ሸክም” ተብሎ ይከለከላል የሚለው ወሬ በማኅበረሰቡ ውስጥ ሥር የሰደደ ነው። የግብር ክሬዲት ግን በዚያ ምድብ ውስጥ አይቆጠርም ነበር፤ ቅድመ ክፍያውም ለምግብ ድጎማም ሆነ ለሌላ የፌዴራል እርዳታ እንደ ገቢ እንደማይታይ መሥሪያ ቤቱ በግልጽ አስታውቋል። የዚህ ዓይነቱ ማብራሪያ ከወሬው ይልቅ ዘግይቶ መድረሱ ግን የታወቀ ነው።

ግማሹ ሪፈንድ የት ሄደ?

በ2022 መጀመሪያ ግብር የማሳወቂያው ወቅት ሲከፈት የቅድመ ክፍያው ሌላ ገጽታ ተገለጠ። በርካታ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች የግብር ተመላሽን፣ ወይም ሁሉም እንደሚጠራው ሪፈንዱን፣ የዓመቱ ትልቁ ገንዘባቸው አድርገው ይጠብቁታል። የመኪና ቀሪ ዕዳ የሚዘጋው፣ የአውሮፕላን ትኬት የሚቆረጠው፣ የተጠራቀመ የቤት ኪራይ የሚከፈለው በእርሱ ነው። በዚያ ዓመት ግን ከልጆች ክሬዲት ግማሹ አስቀድሞ ተበልቷል። ጠቅላላው ገንዘብ ከቀድሞው የበለጠ ቢሆንም፣ በየካቲትና በመጋቢት የሚገባው ግን ከተጠበቀው ያነሰባቸው ብዙዎች ነበሩ።

ቀሪውን ለመጠየቅ ስንት እንደተከፈለ በትክክል መጻፍ ግድ ነበር። ለዚህም አይአርኤስ በጃንዋሪ 2022 ቁጥሩ 6419 የሆነ ደብዳቤ ላከ። ባልና ሚስት ለየብቻ ደብዳቤ ይደርሳቸዋል፤ በእያንዳንዱ የተጻፈው የክፍያው ግማሽ ነው። አንዱን ደብዳቤ ብቻ ይዞ ወደ ግብር አዘጋጅ የሄደ ቤተሰብ የተሳሳተ ቁጥር አስመዘገበ ማለት ነው። ከዚህም በላይ መሥሪያ ቤቱ ራሱ፣ አድራሻ ወይም የባንክ ሂሳብ በቀየሩ አንዳንድ ሰዎች ደብዳቤ ላይ የሰፈረው ቁጥር ትክክል ላይሆን እንደሚችል አምኗል። ቁጥሩ ካልገጠመ ማሳወቂያው በእጅ እንዲመረመር ወደ ጎን ይደረጋል፤ ሪፈንዱም ይዘገያል።

ስልክ ደውሎ መጠየቅ ደግሞ ከንቱ ድካም ነበር። በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ የግብር ከፋዮች ጠበቃ የሆነው ክፍል ለኮንግረስ ባቀረበው ሪፖርት እንደገለጸው፣ በ2021 የበጀት ዓመት አይአርኤስ 282 ሚሊዮን የስልክ ጥሪዎች ደርሰውት ሠራተኞቹ ያነሡት 11 በመቶውን ብቻ ነው። በእንግሊዝኛ አቀላጥፎ ለሚናገር ሰው እንኳ ይህ ነበር ዕድሉ።

መመለስ የነበረባቸው ቤተሰቦች የተፈጠሩት እዚህ ላይ ነው። ቅድመ ክፍያው የተሰላው ባለፈው ዓመት መረጃ ነውና፣ ኑሮው በመካከል የተለወጠ ሰው ሊገባው ከሚችለው በላይ ተከፍሎታል። በ2020 ወረርሽኙ ገቢውን ያደረቀበት የታክሲ ነጂ በ2021 ሥራው ሲመለስለት፣ የተፋቱ ወላጆች ልጁን በየዓመቱ እየተፈራረቁ ሲያስመዘግቡ፣ ወይም ልጅ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሲዛወር፣ ሂሳቡ ይዛባል። የተለያዩት ወላጆች ጉዳይ ከሁሉ የከፋ ነው፤ በ2020 ልጁን ያስመዘገበው አባት ስድስት ወር ሙሉ ሲከፈለው፣ በ2021 ልጁን የያዘችው እናት ምንም አልደረሳትም፤ እርሷ በማሳወቂያዋ ሙሉውን ስትጠይቅ እርሱ የወሰደውን እንዲመልስ ተጠየቀ። ሕጉ ከልጆቹ ቁጥር መዛባት ለሚመጣው ዕዳ ለዝቅተኛ ገቢ ከለላ ሰጥቷል፦ ለብቻው የሚያሳውቅ ሰው ገቢው ከ40,000 ዶላር፣ ቤተሰብ አስተዳዳሪ ከ50,000፣ ባልና ሚስት ከ60,000 ካልበለጠ፣ ለአንድ ልጅ እስከ 2,000 ዶላር ድረስ ትርፉ አይጠየቅም። ከዚያ በላይ ያለው ግን ቀስ በቀስ ከለላውን ያጣል።

ሌሎች አገሮች ይህን ችግር በቀላሉ አልፈውታል። በካናዳ ከጁላይ 2016 ጀምሮ ያለው የልጆች ድጎማም የሚሰላው ባለፈው ዓመት ገቢ ነው፤ ልዩነቱ፣ በዓመቱ መጨረሻ ገቢህ ጨመረ ተብሎ የተከፈለው ወደ ኋላ አለመጠየቁ ነው። አዲሱ ገቢ የሚቀይረው የሚቀጥለውን ጁላይ ክፍያ ብቻ ነው። በጀርመን ለእያንዳንዱ ልጅ በ2025 በወር 255 ዩሮ የሚከፈለው የወላጁ ገቢ ሳይታይ ነው። በእስራኤል ያሉ ቤተ እስራኤላውያን ወላጆችም በየወሩ በ20 ከብሔራዊ ኢንሹራንስ የሚገባውን የልጆች አበል ያውቁታል። ቶሮንቶ ወይም ፍራንክፈርት ላለ አበሻ ወላጅ የልጆች ገንዘብ በየወሩ መግባቱ ተራ ነገር ነው። አሜሪካ ያሉት ዘመዶቹ ግን ያዩት ስድስት ወር ብቻ ነው።

ድህነት በግማሽ ሲወርድ

ሁሉም እንከኑ ቢኖርበትም፣ የክፍያው ውጤት በቁጥር ታይቷል። የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ የመንግሥትን ድጎማ ጨምሮ በሚያሰላበት መለኪያ፣ በድህነት የሚኖሩ ልጆች በ2020 ከነበሩበት 9.7 በመቶ በ2021 ወደ 5.2 በመቶ ወረዱ። ይህ መለኪያው ከተጀመረ ወዲህ ዝቅተኛው ነው። ሁሉንም የሠራው የልጆች ክሬዲት ብቻ አልነበረም፤ በዚያው ዓመት የወረርሽኝ ድጋፍ ቼኮችም ነበሩ። ቢሮው ግን 2.9 ሚሊዮን ልጆችን ከድህነት ወለል በላይ ያነሣቸው ይኸው ክሬዲት እንደሆነ አስልቷል። ከመጀመሪያው ክፍያ በኋላም ልጆች ባሏቸው ቤቶች በቂ ምግብ አጣን ያሉት ከ11 ወደ 8.4 በመቶ ቀንሰዋል።

ክፍያው ሲቆም ቁጥሩ ተመልሶ ወጣ። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የድህነትና ማኅበራዊ ፖሊሲ ማዕከል ተመራማሪዎች ግምት፣ በዲሴምበር 2021 የልጆች ወርኃዊ ድህነት 12.1 በመቶ የነበረው በጃንዋሪ 2022 ወደ 17 በመቶ ዘለለ፤ በአንድ ወር ውስጥ 3.7 ሚሊዮን ልጆች ማለት ነው። የቆጠራ ቢሮው ዓመታዊ አኃዝም በ2022 ወደ 12.4 በመቶ አሻቀበ። በአንድ ዓመት ከእጥፍ በላይ መጨመሩ ነው። የሚሠራውን ነገር ማግኘት ብቻ በቂ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ማስረጃ ማቅረብ ያስቸግራል።

ለምን አልቀጠለም? ሕጉ ሲወጣም ለአንድ ዓመት ነበር፤ ዓመታዊ ወጪው ከ100 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነውና፣ ዴሞክራቶች “ሕዝቡ አንዴ ካየው ማንም አይነካውም” ብለው አስልተው ነበር። ማራዘሚያውን የያዘው ሰፊ ረቂቅ በኖቬምበር 2021 በተወካዮች ምክር ቤት አልፏል። በሴኔት ግን ወንበሩ 50 ለ50 ስለነበር አንድ ዴሞክራት እንኳ ከቀረ ይወድቃል። ዲሴምበር 19 ቀን የዌስት ቨርጂኒያው ሴናተር ጆ ማንችን በቴሌቪዥን ቀርበው ረቂቁን እንደማይደግፉ ተናገሩ። የመጨረሻው ክፍያ በባንክ ከገባ አራት ቀኑ ነበር።

የማንችን ቅሬታ ወጪውንና የዋጋ ንረቱን የሚያነሣ ቢሆንም፣ ሥሩ “ሳይሠሩ ገንዘብ መስጠት ይገባል ወይ?” የሚለው ነው። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚስቶች ክፍያው ቋሚ ቢሆን 1.5 ሚሊዮን ወላጆች ሥራ ይተዋሉ ብለው ገምተዋል። በስድስቱ ወራት የተሰበሰበውን ትክክለኛ መረጃ የመረመሩ ሌሎች ጥናቶች ግን የሚታይ የሥራ መቀነስ አላገኙም። ሁለቱ ወገኖች በአንድ ነገር ላይ ሊስማሙ ይችሉ ነበር፦ ስድስት ወር ብቻ እንደሚቆይ የሚያውቅ ሰው ሥራውን አይለቅም፤ ስለዚህ የአጭር ጊዜው መረጃ የረዥሙን ክርክር አይዘጋውም።

ክርክሩ ለምሥራቅ አፍሪካ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ በ2005 የጀመረችው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ሥራ የሚችለውን አባወራ በእርከንና በመንገድ ሥራ ላይ አሰማርቶ ይከፍለዋል። ነገር ግን አረጋዊ፣ ነፍሰ ጡር ወይም አቅም የሌለው ሰው ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ እንዲያገኝ መስመር ክፍት ትቷል። በአሜሪካ አሁን ባለው ሕግ ግን መሥራት የማትችል እናት ልጆች የሚገቡበት እንዲህ ያለ መስመር የለም። እናቲቱ በዓመት ከ2,500 ዶላር በላይ ካላገኘች፣ ለልጆቿ የሚደርሰው ክሬዲት ዜሮ ነው።

በወር ይሻላል ወይስ በጥቅል?

በዋሽንግተን የተረሳ የሚመስል ሌላ ጥያቄም አለ። ገንዘቡ በየወሩ መከፈሉ በራሱ ጥቅም ነው? አሜሪካ ከ1979 ጀምሮ ዝቅተኛ ደመወዝ ላላቸው ሠራተኞች የሚሰጠውን የሥራ ገቢ ክሬዲት ከፊሉን ከደመወዝ ጋር አስቀድሞ የሚከፍል አሠራር ነበራት። ከሚገባቸው ውስጥ የተጠቀሙበት እጅግ ጥቂቶች ስለነበሩ በ2010 መጨረሻ ተዘጋ። በኋላ ዕዳ እንዳይመጣ መፍራት፣ ለአሠሪ መናገርን መጥላት፣ ገንዘቡ ተጠራቅሞ ቢመጣ መምረጥ፣ ሁሉም በምክንያትነት ይጠቀሳሉ።

የመጨረሻውን ምክንያት ለአበሻ ማስረዳት አያስፈልግም፤ እቁብ የተፈጠረው ለዚህ ነው። በየሳምንቱ ወይም በየወሩ እጅ ላይ የምትደርስ ትንሽ ገንዘብ ለእለቱ ጉዳይ ትቀልጣለች፤ ተጠራቅማ በአንድ ጊዜ ስትወጣ ግን መኪና ትሆናለች፣ ንግድ ትከፍታለች። በኬንያ ጊቭዳይሬክትሊ የተባለው ድርጅት ገንዘብ ባከፋፈለባቸው መንደሮች፣ የኖቤል ተሸላሚው አብሂጂት ባነርጂ የተሳተፉበት ጥናት ያገኘውም ከዚህ ጋር ይገጥማል። ወደ 500 ዶላር በአንድ ጊዜ የተሰጣቸው መንደርተኞች፣ ተመሳሳይ ድምር በሁለት ዓመት ውስጥ በየወሩ ከተከፈላቸው ይልቅ ብዙ አዳዲስ ንግዶች ከፍተዋል። ለ12 ዓመት በየወሩ እንደሚከፈላቸው ቃል የተገባላቸው ግን ወደ ኋላ አልቀሩም፤ ገንዘቡ እንደማይቋረጥ ስላወቁ፣ የእቁብ አቻ በሆነው ቻማ እየተሰበሰቡ ወርኃዊውን ራሳቸው ወደ ጥቅል ለወጡት።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ለአሜሪካው ሙከራም ይሠራል። የወር ክፍያ ለምግብና ለኪራይ፣ በወሩ መጨረሻ ለሚያጥረው ቤት፣ ወለድ የሚበላ ብድር እንዳይወሰድ ያግዛል። ኑሮን የሚለውጠው ግን ነገም እንደሚመጣ ሲታወቅ ነው። ስድስት ወር ማለት ለእቁብ እንኳ አይበቃም፤ ከአሥራ ሁለት ሰው ግማሹ ዕጣ ሳይደርሰው ይበተናል።

አሁን ያለው ሕግ

በጃንዋሪ 2024 ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውን የሚጠቅም ማሻሻያ በተወካዮች ምክር ቤት 357 ለ70 በሆነ ድምፅ አልፎ ነበር፤ በኦገስት በሴኔት ወደቀ። ቀጥሎ የመጣው ፕሬዚዳንት ትራምፕ ጁላይ 4 ቀን 2025 የፈረሙት ትልቁ የግብር ሕግ ነው። ክሬዲቱን ከ2025 የግብር ዓመት ጀምሮ ለአንድ ልጅ 2,200 ዶላር አደረገው፤ ከዚያ በኋላም ከዋጋ ንረት ጋር እንዲስተካከል ደነገገ። ቋሚ መሆኑ ለቤተሰቦች ጥቅም አለው፤ 17 ዓመት ያልሞላው ልጅ ያለው ወላጅ የሚቀጥለው ዓመት ምን እንደሚያመጣ አይጨነቅም። ቅድመ ክፍያ ግን የለውም፤ ገንዘቡ በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ በጥሬ ገንዘብ የሚመለሰውን ክፍል የያዘ ሪፈንድም ከፌብሩዋሪ አጋማሽ በፊት እንዲለቀቅ ሕግ አይፈቅድም።

መጠኑም ለሁሉም 2,200 አይደለም። ግብር የማይደርስበት ወላጅ በጥሬ ገንዘብ ሊያገኝ የሚችለው ለ2025 ለአንድ ልጅ ቢበዛ 1,700 ዶላር ነው፤ እርሱም ከ2,500 ዶላር በላይ ካገኘው ገቢ 15 በመቶው እየተሰላ ነው። በዓመት 14,500 ዶላር የምታገኝ የሁለት ልጆች እናት ብንወስድ፣ 2,500 ተቀንሶ ከቀረው 12,000 ዶላር 15 በመቶው 1,800 ነው። ለሁለቱም ልጆች የሚደርሳት ይህ ብቻ ነው። ልጆቿ የአራትና የዘጠኝ ዓመት ቢሆኑ በ2021 ሕግ 6,600 ዶላር ታገኝ ነበር። በዚያው ሰዓት 300,000 ዶላር የሚያገኙ ባልና ሚስት ለተመሳሳይ ሁለት ልጆች ሙሉውን 4,400 ይወስዳሉ። የኮሎምቢያ ተመራማሪዎች ወላጆቻቸው በቂ ገቢ ስለሌላቸው ሙሉውን ክሬዲት የማያገኙ ልጆችን ቁጥር ከ17 ሚሊዮን በላይ ያደርሱታል፤ ከአራት ልጆች አንዱ ገደማ ማለት ነው።

ለስደተኛ ቤተሰቦች የከበደው ግን የሶሻል ሴኪዩሪቲ ቁጥር ጉዳይ ነው። ከ2017ቱ ሕግ ጀምሮ ልጁ ለሥራ የሚያበቃ ቁጥር ሊኖረው ግድ ነበር፤ ወላጁ ግን ቁጥሩ ባይኖረውም አይአርኤስ በሚሰጠው የግብር መለያ ቁጥር ማሳወቅ ይችል ነበር። በ2021ም የወር ክፍያው እንዲህ ላለው ወላጅ ይደርስ ነበር። አዲሱ ሕግ ይህን ዘጋ። ከእንግዲህ ከወላጆቹ ቢያንስ አንዱ የሶሻል ሴኪዩሪቲ ቁጥር ከሌለው፣ ልጁ አሜሪካ ተወልዶ ዜጋ ቢሆንም ክሬዲቱ አይገኝም። በዚህ የሚነኩት ዜግነት ያላቸው ልጆች ከ2 ሚሊዮን በላይ እንደሆኑ ይገመታል።

ለምሳሌ በሜክሲኮ በኩል ገብተው ጥገኝነት የጠየቁና የሥራ ፈቃዳቸው ገና ያልወጣላቸው ባልና ሚስት፣ አሜሪካ የተወለደ ልጅ ቢኖራቸው፣ ፈቃዱ ወጥቶ ቁጥሩ እስኪሰጣቸው ከዚህ ድንጋጌ ውጪ ናቸው። ቁጥሩ የግብር ማሳወቂያው ከሚቀርብበት ቀነ ገደብ በፊት መውጣት አለበት፤ በኋላ ቢመጣ ወደ ኋላ ሄዶ ለዚያ ዓመት መጠየቅ አይቻልም። የአንዱ ወላጅ ወረቀት ተሟልቶ የሌላው በሂደት ላይ ከሆነ ደግሞ በጋራ ማሳወቅና ለየብቻ ማሳወቅ የሚያስከትሉት ልዩነት ትልቅ ነው፤ ከመፈረም በፊት ያጠያይቃል።

በዚህ ላይ በኤፕሪል 2025 አይአርኤስ የአንዳንድ ግብር ከፋዮችን አድራሻ ለስደተኞች ጉዳይ አስከባሪው ክፍል ለመስጠት ስምምነት ፈርሟል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቢደርስም ፍርሃቱን ማንም ዳኛ በትእዛዝ አያነሣውም። ግብር ማሳወቅ ለብዙ ስደተኛ “ሕግ አክባሪ ነኝ” የሚልበት ወረቀት ነበር፤ ነገ የመኖሪያ ጉዳዩ ሲታይ ለዳኛ የሚያቀርበው። አሁን ያው ወረቀት አድራሻውን እንዳያሳብቅበት የሚፈራ ሰው፣ የልጁን ክሬዲት ሊተው ይችላል።

አዲሱ ሕግ ለልጆች ሌላም ነገር ይዟል። ከ2025 እስከ 2028 ለሚወለዱ ዜጋ ሕፃናት መንግሥት 1,000 ዶላር አስቀምጦ አክሲዮን ላይ የሚያውልበት፣ በፕሬዚዳንቱ ስም የተጠራ ሂሳብ ይከፈታል፤ ገንዘቡ ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው አይነካም። እስራኤል በ2017 ለእያንዳንዱ ልጅ በወር 50 ሰቅል እያስቀመጠች ተመሳሳይ ነገር ጀምራለች፤ እዚያ ግን ቁጠባው የመጣው በወር አበሉ ላይ ተጨምሮ ነው። ዛሬ ወተትና ዳይፐር የሚቸግረው ቤት በ2043 የሚከፈት ሂሳብ ምን ያህል እንደሚረዳው፣ በወር የሚያጥረውን ሂሳብ የሚሠራው ወላጅ ያውቀዋል።

ለ2021 ያልተጠየቀው ቀሪ ግማሽ፣ የስድስቱ ወር ክፍያ ጨርሶ ያልደረሳቸው ቤተሰቦች ሙሉ ገንዘብ ጭምር፣ በሩ በኤፕሪል 2025 ተዘግቷል፤ ሪፈንድ የሚጠየቅበት ጊዜ ሦስት ዓመት ነውና። ለ2022 ማሳወቂያ ላላስገባ ወላጅ ግን የተቀመጠው የጊዜ ገደብ የኤፕሪል 2026 አጋማሽ ነበር። መጠኑ ለአንድ ልጅ እስከ 2,000 ዶላር፣ በጥሬ ገንዘብ የሚመለሰው ደግሞ ቢበዛ 1,500 ዶላር ነበር። የማሳወቅ ግዴታ የሌለበት ሰውም ካላሳወቀ አያገኘውም።